የመንገዱ ጠርዝ የማን ነው?



ሰሞኑን አንድ የቆየ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ምነው ድምፅህ ጠፋ? አገር እንዲህ ሲናጥ አንተ ብስክሌት ስትጋልብ ትውላለህ አሉ» ሲል ወቀሰኝ። የተባለው ሐሰት አይደለም። ከሁለት ዓመት ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ጎሕ ሲቀድ ከሚዛን ተፈሪ እየወጣሁ፣ አንድ ጊዜ በቦንጋ አቅጣጫ ዳገት ስቧጥጥ፣ አንድ ጊዜ ወደ በበቃ ስወርድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እስከ ቴፒ ደርሼ ስመለስ ከርሜአለሁ። ወዳጄ ይህን ከፖለቲካ መሸሽ አድርጎ ቈጠረው። እኔ ግን ስለዚህች አገር አስተዳደር በወንበር ተቀምጬ ከተማርሁት በኮርቻ ተቀምጬ የተማርሁት ይበልጣል ብል ማጋነን አይመስለኝም። መልሴ ለስልክ ስለረዘመብኝ በጽሑፍ ላደርገው ወደድሁ።

ነገሩ የጀመረው በሐኪም ትእዛዝ ነው። የደም ግፊቴን የለካው ሐኪም መነጽሩን አውልቆ «መምህር፣ ዕድሜዎ አርባ ሦስት ነው፤ ደምዎ ግን የሰባ ዓመት ሰው ደም ነው» አለኝ። እንዳልሮጥ ጉልበቴ አይፈቅድም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ገዝቼ (ዋጋውን ባልናገር ይሻላል፤ ባለቤቴም ይህን ታነባለች) በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭኜ አመጣሁ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ከሚዛን እስከ አማን ነበር። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ሚዛንና አማን ዛሬ በአንድ የከተማ አስተዳደር ሥር የተጣመሩ፣ በባጃጅ ወዲያው የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ናቸው። ስሄድ ደረስሁ፤ ስመለስ ግን መንገድ ላይ ልቤ በጆሮዬ ሊወጣ ሆነ። ብስክሌቴን በባጃጅ ጣሪያ ላይ አስሬ ስገባ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሳቀብኝ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት በከንቱ አባከንኋቸው። ምክንያቱም እንደ መንግሥታችን ሁሉን ነገር በዘመቻ ለመፈጸም ተነሥቼ ነበር። በየቀኑ በሙሉ ኃይሌ እጋልባለሁ፤ በሦስተኛው ቀን እዝላለሁ፤ ሳምንቱን ተኝቼ እከርምና እንደገና እዘምታለሁ። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ልብ የሚጠነክረው፣ ጡንቻም ስብን ነዳጅ አድርጎ መጠቀም የሚለምደው በዝግታና በብዛት በሚደረግ ጉዞ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሦስቱ ጉዞዎቼ ሁለቱን፣ ከጎኔ ሰው ቢኖር ሙሉ ዐረፍተ ነገር ልናገር በምችልበት ልክ እጋልባለሁ። በሦስተኛው ብቻ አንድ ዳገት መርጬ አራት ደቂቃ እጣደፋለሁ፤ አራት ደቂቃ አርፋለሁ፤ ይህንኑ አምስት ጊዜ እደጋግማለሁ። ትዕግሥት እንዲህ ያለ ፍሬ ይሰጣል ብዬ ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬአለሁ፤ ለራሴ ግን አላመንሁም ነበር። የደም ግፊቴ ወረደ፤ ሐኪሙም መነጽሩን አላወለቀም።

ቴፒ ከሚዛን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በግምት 300 ሜትር ዝቅ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ የሄዱ ጊዜ የተበደሩት ቍልቍለት በመመለሻው ከነወለዱ ይከፈላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደርሼ ስመለስ ከነዕረፍቴ ሰባት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ባለፈው ጥቅምት አራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆነልኝ። የኪሴ ስንቅ ሙዝና የተቀቀለ ጎደሬ ነው፤ በውኃ መያዣዬ በሶ በጥብጬ እይዛለሁ። ሸኮ አካባቢ ስደርስ ከአንዲት እናት ደጅ ጨሞ እጠጣለሁ። ጨሞ ከቡና ቅጠል ከቅመም ጋር የሚፈላ ነው፤ ያልቀመሰው ይቅመሰው ከማለት በቀር ላስረዳው አልችልም። ሴትዮዋ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን የጠየቀችኝን አልረሳውም፤ «ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?» አለችኝ። በእርግጥም በጥብቅ ሱሪ፣ ላብ አጥምቆኝ፣ ማንም ሳያባርረኝ የምሸሽ ሰው እመስል ነበር።

ከሸኮ በኩል ያለው ደን (አጥኚዎች ብርሃኔ ቆንጢር የሚሉት) ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ነው። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ቡናው ሲያብብ ሽታው እንደ ጽጌረዳና እንደ ሎሚ ሆኖ ጉም ውስጥ ይጠብቃችኋል። በመኪና የሚያልፍ ሰው ይህን አያውቀውም፤ መስኮቱን ዘግቶ ነውና የሚሄደው። እርግጥ ብስክሌተኛውም የሚከፍለው ዋጋ አለ። አገራችን ውስጥ ዝናብ ከሚበዛባቸው ምድሮች አንዱ ይኸው ነው። ከጭቃ መንገድ የሚወጣ የጭነት መኪና አስፋልቱ ላይ የሚያራግፈው ቀይ አፈር ሲረጥብ ሳሙና ይሆናል፤ ፍሬን የያዘ ወዮለት። ወባውም አለ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ቴፒ አድሬ ስመለስ ያዘችኝና የሁለት ወር ልምምዴን ጠራርጋ ወሰደች። የዓለም የጤና ድርጅት በዚያ ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ፣ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ሲገልጽ፣ እኔም አንዱ ቍጥር መሆኔን በማሰብ ተጽናናሁ።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልግባ፤ ወዳጄ እንዳይቈጣ።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት የክልሉን መቀመጫ ለአንድ ከተማ አልሰጠም፤ ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፈለው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ሥልጣን በአንድ ከተማ እንዳይከማች ታስቦ ነው። ታዲያ የኔ የቅዳሜ መንገድ ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው መቀመጫ የሚወስድ ነው። ባለሥልጣን በዚህ መንገድ በላንድክሩዘር ይመላለሳል። እኔ በብስክሌት ኮርቻ እመላለስበታለሁ። ሁለታችንም ያንኑ መንገድ አይተናል ብንል ግን እንዋሻለን። እርሱ የሚያየው መካከሉን ነው፤ እኔ የማየው ጠርዙን።

ጠርዙ ላይ ማን አለ? ጎሕ ሲቀድ የማገዶ ሸክም ያጐበጣቸው ሴቶች አሉ። ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በሰልፍ የሚሄዱ ተማሪዎች አሉ፤ ዝናብ ከመጣ የሙዝ ቅጠል ጃንጥላቸው ነው። ቅርጫታቸውን ያንጠለጠሉ ለቃሚዎች አሉ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ቡናው ራሱ ሸራ ላይ ተሰጥቶ የመንገዱን ዳር ይይዛል፤ ያን ጊዜ እግረኛው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ይገፋል። የአስፋልቱ አፍ ተበልቶ ከመሬቱ በአንድ ስንዝር ከፍ ባለበት ቦታ ብስክሌተኛ ለጭነት መኪና ቦታ ልልቀቅ ቢል ይወድቃል፤ አልለቅም ቢል ደግሞ ይሞታል። ይህ ሁሉ ሰው በጎሕ መውጣት መቻሉም በራሱ ትልቅ ነገር መሆኑን አልዘነጋም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በጉራፈርዳ ንጹሓን በተገደሉበት ሰሞን በዚህ አካባቢ ሰው ከቤቱ ለመውጣት ፀሐይን ብቻ ሳይሆን ወሬንም ይጠብቅ ነበር።

የወደቅሁት አምና በኅዳር ነው። ከኋላዬ ቡና የጫነ ሲኖትራክ መጣ፤ ከፊቴ አውቶቡስ። ሲኖትራኩ ጥሩምባውን ነፋ። በኛ አገር ጥሩምባ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ፍሬን ሳልይዝ ወደ ጠርዙ ወጣሁ፤ የፊት ጎማዬ ከአስፋልቱ አፍ ሸርተት አለና ቦይ ውስጥ ተገኘሁ። መኪናው አልቆመም። ጎትተው ያወጡኝ ቡና ለቃሚዎች ናቸው፤ አንዷ ነጠላዋን ቀድዳ ክርኔን አሰረችልኝ። እኔ ተፋፋቅሁ እንጂ አልተሰበርሁም፤ የብስክሌቴ ቸርኬ ግን እንደ እንጀራ ታጠፈ። ጎሚስታው አይቶት «ጋሼ፣ ይኼ ለጌጥ ይሆናል» አለኝ።

ጉዳዩን ለማስመዝገብ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የሚለወጥ ነገር የለምና። ወጣቱ ሠራተኛ ትሑት ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ፤ ቅጽ አወጣ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄው ይህ ሆነ፤ «እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ሳስበው ወራት አልፈዋል። ወጣቱ ክፉ ሰው አይደለም። የተማረውን ነው የጠየቀኝ። ለርሱ መንገድ ማለት መኪና የሚሄድበት ነው፤ በመንገድ ላይ ያለ መኪና ያልሆነ ነገር ሁሉ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ሹፌሩ «እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» አይባልም። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ ነገ ማገዶ ለተሸከመችው ሴት፣ ትምህርት ቤት ለምትሄደው ልጅ መቅረቡ አይቀርም፤ እነርሱ ደግሞ ወንበር አይሰጣቸውም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። ማለትም የሚሞተው በአብዛኛው ጠርዝ ላይ ያለው ነው። ጠርዙን የሚሠራ በጀት ግን መካከሉ ካለቀ በኋላ ከተረፈ ነው የሚታሰበው፤ ተርፎም አያውቅ።

«አዲስ አበባ እኮ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል» የሚለኝ ይኖራል። አውቃለሁ፤ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር የብስክሌት መስመር አብሮ ተዘርግቷል፤ ሥራውም ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። መከፋት የለብኝም። ከዚያም በፊት የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉትንም ከተሞች ያስባል። ወረቀቱ መልካም ነው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ብስክሌትን የከተማ ማስዋቢያ፣ የዘመናዊነት ምልክት አድርገን ተቀበልነው፤ ከአበባውና ከመብራቱ ጋር የሚተከል ጌጥ ሆነ። ከከተማው የመጨረሻ መብራት አልፎ፣ ቡናው ካለበት፣ ሸክሙ ካለበት፣ ዳገቱ ካለበት ቦታ ግን ብስክሌት የማንም ሐሳብ አይደለም።

ይህን እንዳስብ ያስገደደኝ አንድ ልጅ ነው። ዕድሜው አሥራ ሰባት ቢሆን ነው። ከወደቅሁ ከወር በኋላ፣ አዲስ ቸርኬ አስገጥሜ፣ አራት ደቂቃ የምጣደፍበትን ዳገት ጥርሴን ነክሼ ስወጣ ከኋላዬ የሰንሰለት ሲጥሲጥታ ሰማሁ። ማርሽ የሌለው የቻይና ብስክሌት ነው፤ ከኋላው ግማሽ ጆንያ እሸት ቡና ታስሯል፤ ጋላቢው በነጠላ ጫማ ነው። ተስተካከለኝ። «አይዞህ ጋሼ!» አለኝ። አልፎኝም ሄደ። የሁለት ዓመት ልምምዴ፣ የዝግታ ጉዞዬ፣ የአራት ደቂቃ ጥድፊያዬ ሁሉ በአንድ ጆንያ ቡና ተረታ።

ጫፉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝና አብረን ወረድን። ቡናውን ወደ መፈልፈያ ነው የሚያደርሰው። ቀይ እሸት በለቀሙት ዕለት ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ እናቱና እኅቶቹ ይለቅማሉ፤ እርሱ በቀን ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ከብስክሌቱ በፊት በጀርባ ነበር። «በጀርባ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምንደርሰው፤ ሌላው ደርቆ ጀንፈል ይሆናል» አለኝ። ስሌቱን አስተዋላችሁ? እሸት ሆኖ የሚሸጠውንና በጀንፈል ዋጋ የሚሸጠውን የለየው ሁለት ጎማ ነው። ቤቱ ውስጥ የገባው ለውጥ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይታይም፤ ማንም «እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ከማለት በቀር ምን እንደጫነ አይጠይቀውምና።

ይህ የኔ ግኝት አይደለም። ሌላ የቡናና የኮረብታ አገር ቀድሞናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሩዋንዳን የጎበኘው አሜሪካዊው ብስክሌት ሠሪ ቶም ሪቺ፣ ገበሬዎች እሸት ቡና በጀርባና በእንጨት ብስክሌት ሲያጓጉዙ አይቶ፣ የኋላው ረዘም ያለ፣ ጆንያ የሚሸከም ባለማርሽ ብስክሌት ነደፈ፤ ለቡና ገበሬዎችም ተከፋፈለ። ከዚያው ጅምር ጋር ተያይዞ የብስክሌት ቡድን ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሩዋንዳ ዙር ዓለም አቀፍ ውድድር ሆነ፤ በ2012 አድሪያን ኒዮንሹቲ ለንደን ኦሊምፒክ ላይ ጋለበ። ባለፈው መስከረም፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ በኪጋሊ ተካሄደ። የወንዶቹ ውድድር ከ267 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የዳገቱም ድምር ከ5,000 ሜትር በላይ ነበር። ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ፤ ከተነሡት መካከል ሠላሳ ብቻ ጨረሱ። (የኔን ቴፒ ከዚህ ጋር ማወዳደር ነውር ነው።)

ይህን የምለው የኪጋሊን መንግሥት ለማወደስ አይደለም። በምሥራቅ ኮንጎ ምክንያት የአውሮፓ ፓርላማ ሻምፒዮናው እንዲሰረዝ እስከ መጠየቅ መድረሱን አልረሳሁም፤ ስፖርት የመንግሥት ማስታወቂያ ሲሆን አልወድም። የኔ ነጥብ ጠባብ ነው፤ ቡና ጫኙ ብስክሌትና ተወዳዳሪው ብስክሌት ጠላቶች እንዳልሆኑ፣ እንዲያውም አንዱ ሌላውን እንደሚወልድ አይተናል ማለቴ ነው።

እኛ ደግሞ ከሩዋንዳ ቀድመን የጀመርን ነን። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩባቸው፤ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 24ኛ ሆኖ ገባ፤ በቡድንም 9ኛ ሆንን። አበበ ቢቂላ በሮም ባዶ እግሩን ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ነው። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ትግራይ ውስጥ የብስክሌት ባህል ነበረ፣ ክለብ ነበረ፤ ለዚያም ነው ጽጋቡ የተገኘው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እየሩ ገብሩ ከጦርነቱ ሸሽታ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ስትጋልብ የለበሰችው የስደተኞችን ቡድን ማልያ ነበር። ይህን በቴሌቪዥን ሳይ ስለ ልምምዴ መጨነቄ አሳፈረኝ። ሰላም የነሣናቸውን ጋላቢዎች አሰደድን፤ ሰላም ባለበት ደግሞ ጋላቢ መኖሩን አላወቅንም።

ከክልሉ መንግሥት የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የቦንጋውም ሆነ የቴፒው መንገድ ሲጠገን፣ የተበላው ጠርዝ ከመካከሉ ጋር እኩል ይጠገን። ከተማ መግቢያና ትምህርት ቤት አጠገብ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ጠንካራ ትከሻ ይኑረው። ለቡናው ማስጫ ሌላ ስፍራ ይሰጠው፤ ገበሬው አስፋልት ዳር የሚያሰጣው ወድዶ አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የካላማዳሪ ዋጋ እንኳ አልቀመስ ብሏል፤ የገበሬ ማኅበራት ማዳበሪያና ጆንያ በጋራ እንደሚያስመጡ ጎማና ሰንሰለትም ቢያስመጡ ምን ይገድዳቸዋል? ደግሞም ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው መቀመጫ በዓመት አንድ ቀን፣ ለግማሽ ቀን ብቻ፣ መኪና ይቁምልን። ከሚዛን ቴፒ ይጋለብ። ባለሥልጣናቱም ጠርዙን በላንድክሩዘር መስኮት ሳይሆን በእግራቸው ቆመው ይዩት።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁን እዚያው ዳገት ሥር አገኘሁት። ጆንያውን አውርዶ ጎማ ነፋስ እየሞላ ነበር። «እስቲ ሞክራት» ብዬ ብስክሌቴን ሰጠሁት። ኮርቻው ከፍ ብሎበት ዝቅ አደረግንለት፤ ማርሹን እንዴት እንደሚቀይር አሳየሁት። ሰዓቴን ያዝሁ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሳልታመምና ሳልታክት በአሥራ ሰባት ደቂቃ የምወጣውን ዳገት በአሥራ አንድ ደቂቃ ወጣው፤ ማርሹንም የቀየረው አንድ ጊዜ ብቻ እንደነበር በኋላ ነገረኝ። ወርዶ ሲመለስ እያለከለከ፣ ዐይኑ እየበራ፣ «ጋሼ፣ በዚህ የሚወዳደሩት የት ነው?» አለኝ።

አዲስ አበባ አልሁት። ከዚያስ አለኝ። ሳልመልስለት ጆንያውን ጭኖ፣ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወደ መፈልፈያው ወረደ፤ እሸቱ ይቸኩላልና። ቅዳሜ እንገናኝ ብሎኛል።